ሁለት መቶ ግራም ናስ

የካቲት 3

ይድረስ ለፌንጣዬ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እንዴት እንደከረምሽ እናትሽ ነግራኛለች። እኔ ከአፌ በስተቀር ደህና ነኝ። አፌን ግን አሞታል፤ ለበሽታውም ዋና ምስክር አንቺ ነሽ።

ባለፈው እሑድ እናትሽ ስልኩን ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ከፍታ ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጠችው አላወቅሁም። አንቺም እዚያው አጠገቧ ሳህን እያደረቅሽ እንደነበር አላወቅሁም። «ፈተና ሲቃረብ ሁላችንንም ሆዳችንን ይቆርጠን ነበር፤ መሞላቀቅ ነው፤ ሁለት ቀን ልብስ አሳጥቢያት፣ ይለቃታል» ያልኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎ የሰማሁት የሳህን ድምፅ ነው። ተሰበረ እንዴ? እናትሽን ብጠይቃት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በማግስቱ መልሳ ደወለችና ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችኝ። ክፍል ውስጥ ቆመሽ ስታነቢ ትንፋሽ እንዳጠረሽ፣ እጅሽ እንደደነዘዘ፣ የምትሞቺ መስሎሽ ወጥተሽ ደረጃው ላይ እንደወደቅሽ። አምቡላንስ እንደተጠራ። ሐኪሙም ልብሽን አዳምጦ «ልቧ እንደ ሰዓት ነው፤ ይኼ የድንጋጤ ሕመም ነው» እንዳለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ቀን የትምህርት ቤቱን በር አላየሽም። ርዕሰ መምህሯ ደግሞ በግንቦት የቃል ፈተና ሦስት ፈታኞች ፊት ቆመሽ ካልተፈተንሽ ዓመቱን ትደግሚያለሽ ብላለች።

ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ሚዛን ስጠግን ኖሬ የገዛ ምላሴን ማስተካከል አቃተኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልክ ሲጠራ እንደምትደነግጪ ስለሰማሁ አልደውልም፤ እጽፋለሁ። የአውቶቡሱ ሹፌር ማክሰኞና ዓርብ በእናንተ በኩል ደርሶ ይመለሳል። የሻንጣ ሚዛኑን የምጠግንለት እኔ ስለሆንኩ እምቢ አይለኝም። ወሬ ይወዳልና ፖስታውን በደንብ አሽጊው።

ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ።

ይቅርታ ጠባቂው አጎትሽ


የካቲት 10

ጋሼ፣

ሳህኑ ተሰብሯል። ሰማያዊው ነው፣ እማዬ የምትሳሳለት። ሆን ብዬ ነው የለቀቅሁት፤ ለእሷ ግን አመለጠኝ ብያታለሁ። አሁን ስላወቅህ አንተም ተባባሪ ነህ።

ይቅር ብዬሃለሁ። ግን «በርቺ» እንዳትለኝ። ሁሉም ሰው በርቺ ይለኛል። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ በርቺ፣ የእማዬ የሥራ ጓደኛ በርቺ። በርቺ ሲሉኝ እስካሁን ተኝቼ የከረምኩ ይመስለኛል።

እማዬ የነገረችህ ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ስታለች። የምሞት አልመሰለኝም። እየሞትኩ እንደሆነ ዐውቄ ነበር። ይለያያል። ፊደሎቹ ከወረቀቱ ተነሡ፣ የመምህሩ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ሆነ፣ ጣቶቼ የሌላ ሰው ሆኑ። አሁን የሚያስፈራኝ ፈተናው እንኳ አይደለም። ያ ነገር ተመልሶ ይመጣል ብዬ ነው። መፍራቱን እፈራለሁ። ሞኝነት ነው?

ልጆቹ ስም አውጥተውልኛል፤ አምቡላንስ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ያቺ ከእኔ ጋር የምትማረው፣ በመስኮታችን ሥር ስታልፍ «ዊው ዊው» ትላለች።

አንተ ከስምንተኛ ክፍል ያቆምከው በደወል ምክንያት ነው ይባላል። እውነት ነው?

ፌንጣ (መዝለል ያቆመችው)


የካቲት 17

ፌንጣዬ፣

ተባባሪነቴን ተቀብያለሁ። ሰማያዊ ሳህንም እያፈላለግሁ ነው።

ሞኝነት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። በርቺም አልልሽም። በምትኩ ስለ ሥራዬ ላውራሽ፤ ሰው ሲያዛጋብኝ ደስ ይለኛል። ሱቄ ውስጥ አሁን አሥራ አንድ ሚዛን ወረፋ ይዟል። የሥጋ ቤት አለ፣ የሚስማር ነጋዴ አለ፣ ከጤና ጣቢያ የመጣ የሕፃናት ሚዛን አለ። ባለ መርፌ ሚዛን ላይ ዕቃ ስታስቀምጪ መርፌው መጀመሪያ ከልኩ አልፎ ይዘላል። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ጭነሽበት ሦስት ኪሎ ነው ብሎ ይጮኻል። ዋሸ ማለት አይደለም፤ ደነገጠ እንጂ። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ብሎ ብሎ ልኩ ላይ ይቆማል። ሲወዛወዝ የቀረ መርፌ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሱቄ የሚመጡት አብዛኞቹ ሚዛኖች ደግሞ ጭነት በዝቶባቸው አይደለም የተሰበሩት። መርፌው ሲንቀጠቀጥ ባለቤታቸው በእጁ ሊያስቆመው ሲታገል ነው። የውስጡ ሞላ፣ ጠምዛዛው ሽቦ፣ የሚጣመመው ያኔ ነው። የኔ ምክር እንግዲህ ይኸው፤ አትታገዪው። ሲዘል እዪው፣ ሲመለስም እዪው።

እኔ ለእያንዳንዱ ሚዛን ደብተር አለኝ። አንቺም ያዢ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የፍርሃትሽ መርፌ ከአሥር ስንት እንደደረሰ፣ በስንት ደቂቃ እንደተመለሰ። ሌላ ነገር አትጻፊበት። ጥሩ ነበር፣ መጥፎ ነበር አትበይ፤ ሚዛን ላይ ጥሩ ኪሎና መጥፎ ኪሎ የለም።

ሹፌሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥሻል። ሁለት መቶ ግራም የናስ መመዘኛ ነው፣ ከመመዘኛዎቼ ሣጥን ያወጣሁት። ትርፍ አለኝ፣ አትጨነቂ። ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ዓለሙ ሁሉ ሲንሳፈፍብሽ ጨብጪው፤ እሱ ሁለት መቶ ግራም ነው፣ ማንም ቢጮህ ከዚያ አይጨምርም አይቀንስም።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ። የትምህርት ቤታችሁ አማካሪ መምህርት ሦስት ጊዜ ቤት ድረስ መጥታ ሦስቱንም ጊዜ መታጠቢያ ቤት እንደተደበቅሽባት ሰምቻለሁ። አራተኛ ስትመጣ ክፈቺላት። እኔ የማውቀው ሞላና ጥርስ ነው፤ እሱም የሚዛን ጥርስ። የራሴን ጥርስ በፒንሳ ልነቅል ሞክሬ የሆነውን ታውቂያለሽ፤ ስስቅ ይታያል። እያንዳንዱ ብልሽት የራሱ ባለሙያ አለው።

ስለ ደወሉ፣ አዎ እውነት ነው። የትምህርት ቤቱን ደወል ምላስ፣ ውስጡ የሚንጠለጠለውን ብረት ማለቴ ነው፣ ፈትቼ ሰረቅሁ። ትምህርት ቤቱ ድዳ ሆነ። አባረሩኝ። ጥሩ ታሪክ ነው፤ በሰርግ ላይ ሁሌ አወራዋለሁ።

የደወል ሌባው አጎትሽ


መጋቢት 1

ጋሼ፣

ከፈትኩላት።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ «ኪስሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? አሥር ጊዜ ነካሽው» አለች።

«ሁለት መቶ ግራም።»

«የምን?»

«የናስ።»

ሰጠኋት። በእጇ መዘነችው። «ይኼን ያዘዘልሽ ሐኪም ማን ነው?» አለች። ሐኪም አይደለም፣ አጎቴ ነው፣ ስምንተኛ ክፍልን አልጨረሰም አልኳት። «ከብዙ ሐኪም የተሻለ አስቧል» አለች። ኩራትህ ጣራ እንዳይነካ ብዬ ልደብቅህ ነበር። ደብተሩንም ወደደችው። የራሷንም ጨመረችበት። ስተነፍስ ከማስገባው ይልቅ የማስወጣው ይርዘም አለች፤ ሻይ እንደማቀዝቀዝ ቀስ ብዬ። መጀመሪያ እስከ በሩ ብቻ፣ ከዚያ እስከ ግቢው፣ ከዚያ እስከ ክፍሉ። ማንም አይቸኩልም አለች። ይኸው ከደብተሬ፦

የካቲት 20፣ የትምህርት ቤቱ በር፣ 9፣ 14 ደቂቃ።
የካቲት 24፣ በር፣ 9፣ 12 ደቂቃ።
የካቲት 26፣ ግቢ፣ 8፣ 12 ደቂቃ። ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀልኝ። (ሌላ ነገር አትጻፊ ብለሃል፤ ይኼን ግን መጻፍ አለብኝ።)
የካቲት 30፣ ክፍል፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር፣ 9፣ 9 ደቂቃ።

ገባሁ ማለት ነው፣ ጋሼ። ስገባ የሆነውን ግን መጻፍ አልቻልኩም። ለሹፌሩ በቃል ነግሬዋለሁ፤ እሱ ይንገርህ።

ፌንጣ


መጋቢት 11

ፌንጣዬ፣

ነገረኝ። እየነገረኝ መሪውን በቡጢ ይመታ ነበር፤ የቆመ አውቶቡስ ባይሆን ኖሮ ገደል በገባን።

የኋላው ሦስት ረድፍ በአንድ አፍ ነው አሉ «ዊው ዊው» ብሎ የጮኸው። መምህሩም ያልሰማ መስሎ ንጹሕ ሰሌዳ ጠረገ አሉ። አንቺ ግን አልወጣሽም። ዘጠኝ ደቂቃ ተቀምጠሽ መርፌውን ጠበቅሽው። ይኼን ሲነግረኝ የሥጋ ቤቱን ሚዛን ሞላ አፌ ውስጥ ይዤ ነበር፤ ልውጠው ምንም አልቀረኝም።

አማካሪዋ መምህሩን አነጋግራለሁ ካለች ታነጋግረው፤ ትክክል ናት። እሷ ከፈቀደች ደግሞ የእኔን መንገድ ሞክሪ። አምቡላንስ ሲጮህ ሰው ምን ያደርጋል? ዳር ይይዛል። እንግዲህ ሲጮኹልሽ ቀና ብለሽ «አመሰግናለሁ፤ መንገድ ልቀቁ!» በይና በመሃላቸው እለፊ። ስድብ ባለቤቱ ሲለብሰው ለተሳዳቢው ይጠበዋል።

እኔ ጋ ምንም አዲስ ነገር የለም። የሚስማር ነጋዴው ሚዛኑን ወስዶ አመስግኖኛል፤ እሱ ሲያመሰግን ፊቱን ስለሚያኮሳትር መጀመሪያ ሊጣላኝ መስሎኝ ነበር። ከልኬት ቢሮ ወረቀት መጥቷል። ወረቀት መምጣቱ አይቀርም። ወንበሬ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ አጣጥፌ እሱ ሥር አድርጌዋለሁ፤ አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። መንግሥት ለሕዝብ ጠቀመ ማለት ይኼ ነው።

የትራፊክ አማካሪሽ አጎትሽ


መጋቢት 22

ፌንጣዬ፣

ሹፌሩ ሦስት ጊዜ ባዶ እጁን መጣ። ሦስተኛው ላይ ዐይኔን ላለማየት ጎማውን እየረገጠ ነበር።

ምን ሆነሽ ብዬ አልጠይቅም። የምነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ዘንድ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ የተመለሰ ሚዛን አለ። ተመልሶ መጣ ብዬ የጣልኩት አንድም የለም። መጻፍ ካቃተሽ ባዶ ወረቀት ላኪልኝ፤ እጅሽ እንደነካው ይበቃኛል።

አጎትሽ


መጋቢት 29

ጋሼ፣

ባዶውን ልልክልህ አጥፌው ነበር። ከዚያ አሳዘንከኝ።

«መንገድ ልቀቁ» ሠርቷል። በጣም ሠርቷል። ሁለተኛው ቀን ላይ ራሳቸው ሳቁ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ አንዱ እጁን አንሥቶ እንደ ትራፊክ አሳለፈኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ድኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ደብተሩንም መያዝ ተውኩ።

ከዚያ ሳይንስ ክፍል ውስጥ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ፣ ያለ ምክንያት፣ አሥር ሆነ። ሮጬ ወጣሁ። እዚያው ደረጃ ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ቤት ሄጄ መጋረጃውን ዘግቼ አራት ቀን ተኛሁ። ሁሉም ነገር ወደ መጀመሪያው ተመለሰ ብዬ አለቀስኩ። ያንተንም ናስ ቁም ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት፤ ይቅርታ።

አማካሪዋ መጣች። በርቺ አላለችኝም። «ደብተርሽን አምጪ» አለች። «ደረጃው ላይ ስንት ደቂቃ ቆየሽ?»

«አልጻፍኩትም።»

«ገምቺ።»

የክፍሉ ግድግዳ ሰዓት ከደረጃው ይታያል። ስወጣ አራት ሰዓት ከአሥር ነበር። ስነሣ አራት ሰዓት ከአሥራ ስድስት።

ስድስት ደቂቃ፣ ጋሼ! በሩ ላይ አሥራ አራት ነበር። ከፍታው ተመልሷል፤ ርዝመቱ ግን አልተመለሰም። እኔ ሁሌ የማየው ምን ያህል እንደዘለለ ነበር። ምን ያህል ቶሎ እንደወረደ አላየሁም። እሷ እንኳ አልነገረችኝም፣ እኔው ነኝ ያየሁት። ሰኞ ተመለስኩ።

አሁን ደግሞ ስለ አንተ እናውራ። ሹፌሩ ወንበርህ ሥር ያለውን ወረቀት አንብቦ ለእማዬ ነግሯታል። (ፖስታ አሽጊ ያልከኝ አንተ ነህ፤ ወንበርህን ማን ያሽገው?) የሚዛን ጠጋኞች የሙያ ፈቃድ ፈተና ነው አለ። በቃልም በሥራም። ሁለት ዓመት በተከታታይ ተጠርተህ ቀርተሃል። ዘንድሮ ከቀረህ ሱቅህ ይታሸጋል። እማዬ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

ለምን አትሄድም? እባክህ ቀልደህ እንዳትመልስልኝ።

ፌንጣ


ሚያዝያ 6

ፌንጣዬ፣

ሳልቀልድ ልጽፍልሽ ብዬ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ይኼ አራተኛው ነው።

ደወሉን የሰረቅሁት ለተንኮል አልነበረም። የስምንተኛ ክፍል የቃል ፈተና ቀን ነበር። ተራዬ ሰባተኛ ነው። ለሁለት ሳምንት ምግብ አልወርድ ብሎኝ ነበር። ማለዳ ማንም ሳይመጣ ግንቡ ላይ ወጥቼ የደወሉን ምላስ ፈታሁት፤ ደወል ካልተደወለ ፈተና አይጀመርም ብዬ። ይኸው ነበር ብልሃቴ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከኪሱ ፊሽካ አውጥቶ ነፋ።

ከዚያ ያንቺው ነው። ጣቶቼ የሌላ ሰው ሆኑ። እየሞትኩ እንደሆነ ዐወቅሁ። ብረቱን ሸሚዜ ሥር እንደያዝኩ በአጥሩ ዘልዬ ሮጥኩ፤ በማግስቱም አልተመለስኩም። ማንም አላባረረኝም። ሰው ደወሉን ሰርቆ ተባረረ ሲል ዝም አልኩ፤ ፈሪ ከመባል ባለጌ መባል ተሻለኝ። ባለጌነቱም ለመደኝ፤ ሰው እያሳቅሁበት እንጀራ ሆነኝ። ሱቄ ከዚያ ትምህርት ቤት ሦስት መንገድ ይርቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ በኩል አላለፍኩም።

እንግዲህ ስለዚያ እሑድ ይቅርታ የጠየቅሁሽ ግማሹን ነበር። እናትሽ እሑድ ገና ጫፉን ስትነግረኝ ምን እንደያዘሽ ያኔውኑ ዐውቄያለሁ። ዐውቄ ነው የቀለድኩት።

ሌላም አለ። ትርፍ መመዘኛ የለኝም። ሣጥኔ ውስጥ የሁለት መቶ ግራሙ ቦታ ባዶ ጉድጓድ ነው። ለፈተናው ደግሞ ሙሉ ሣጥን ግድ ነው። የላክሁልሽ ስለምወድሽ ነው፤ ይኼ እውነት ነው። ግን ሣጥኑን ስዘጋው የቀለለኝ ነገር ነበር። ጎደሎ ሣጥን ይዞ የሚፈተን የለም ብዬ። ላንቺ ድፍረት ልኬ ለራሴ ሰበብ አስቀረሁ።

ሣጥኑ ግንቦት 10 ሰኞ ጠዋት ለምርመራ ይገባል። የቃል ፈተናው ረቡዕ ግንቦት 12 ነው። ያንቺም ሰኞ ግንቦት 10 እንደሆነ ዐውቃለሁ። ስለዚህ መመዘኛው ባለበት ይቆይ። አንቺ ጋ ነው የሚያስፈልገው። እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሌላ ሥራ አላጣም።

አጎትሽ


ግንቦት 7

ጋሼ፣

በጨርቁ ውስጥ ያለው ያንተ ነው። ሁለት መቶ ግራም፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

እማዬ «አብደሻል? ሦስት ቀን ቀርቶሽ?» አለች። ለሰኞ የሚደርስ ሌላ አውቶቡስ ግን የለም። ደብዳቤህን አንብቤ አንድ ወር ዝም ያልኩት ተናድጄብህ አይደለም። ያለ እሱ መሄድ እየተለማመድኩ ነበር። መጀመሪያ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከዚያ የአማካሪዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከዚያ ቤት። ባለፈው ሐሙስ ክፍል ፊት ቆሜ አንድ ገጽ አነበብኩ፤ 7፣ 4 ደቂቃ። ናሱ ቤት ሣሎን ውስጥ ነበር።

ሌላም ወሬ። ክፍል ውስጥ ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ደብተሬን አየችና «ይኼ የምን ውጤት ነው?» አለች። ስነግራት «ለእኔም መስመር አስምሪልኝ» አለች። እሷ ትስቅ ነበር እኮ ሁልጊዜ! አሁን ሰባት ነን። አማካሪዋ ከደረጃው ሥር ያለችውን መጥረጊያ ማስቀመጫ ክፍል አስለቅቃልናለች። ረቡዕ ረቡዕ እየተሰበሰብን ደብተር እናወዳድራለን። የሚዛን ጠጋኙ ክፍል እንላታለን። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ጠጋኝ ስም ግን አይመጥናትም፤ ስለዚህ ፈቃድ ያስፈልግሃል።

ደወሉ ተደውሏል፣ ጋሼ። አጥር ዘለህ እንዳትሄድ። ሹፌሩ ሰኞ ጠዋት የቢሮው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ተስማምተናል።

በባዶ ኪስ የምትገባው ፌንጣህ


ግንቦት 11

ጋሼ፣

ቁጭ በል። አጭር እግር ያለው ወንበር ላይ ግን አይሁን፤ ወረቀቱን እንደምታወጣ ተስፋ አደርጋለሁ።

ተፈተንኩ። አለፍኩ። ሰባ ስድስት!

ስሜ ሲጠራ መርፌው ዘጠኝ ነበር። እጄ ኪሴ ገባ፤ ባዶ ነው። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። መሃል ያሉት አዛውንት «ጀምሪ» አሉ። አፌ አልከፈት አለ። ከዚያ ምን እንዳልኩ ልንገርህ? «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አልኩ። አስቤው አላውቅም፣ ዝም ብሎ ወጣ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። አንዷ ውኃ ጠጣች። ጠበቁኝ። ሰዎች ይጠብቃሉ እኮ፣ ጋሼ! እንዲህ ቀላል መሆኑን ለምን ማንም አልነገረኝም? ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ጀመርኩ፤ አንዴ ከጀመርኩ በኋላማ በቃሽ ብለው ማስቆም ነበረባቸው።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ግርግር አለ። አንድ ሰው ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። «አምቡላንስን ጥሩ! አምቡላንስን ጥሩ!» ይላሉ። እኔ ስልክ ፍለጋ ስሮጥ አንዱ ክንዴን ያዘኝ፤ «ወዴት ነው? አንቺን እኮ ነው!» አለኝ።

የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። በመስኮቴ ሥር የምትጮኸው። ፊቷ ወረቀት መስሏል፣ «እየሞትኩ ነው» ትላለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «ዐውቃለሁ። አትታገዪው። አሁን ስንት ነው፣ ከአሥር?» አልኳት። «አሥራ ሁለት» አለች። ሳቄ መጣ፤ እሷም በመሃል ሳቀች። አምስት ደቂቃ ፈጀ። አማካሪዋ መጥታ ተረከበችኝ። ከሰዓት በኋላ ተፈተነች፤ እሷም አልፋለች።

ነገ ጠዋት የአንተ ነው። ይኼ ደብዳቤ ዛሬ ይደርስሃል። ካስፈለገህ ቃሉን ላውስህ፤ «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ»።

አምቡላንስ


ግንቦት 18

ይድረስ ለአምቡላንሴ፣

ሹፌሩ በቃሉ ነግሮሽ እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ እንዲያውም ከእኔ አሳምሮ ነግሮሻል። ግን በጽሑፍ ይሁን።

ሰኞ ሣጥኑን ሙሉውን አስገባሁ። የመረመረችው ልጅ ሁለት መቶ ግራሙን አንሥታ «ይኼኛው ብቻ ለምን ያብረቀርቃል?» አለች። ሦስት ወር ሊሞላው ነው በሰው እጅ ሲታሽ አልኳት።

ረቡዕ ሦስት ሰዎች ፊት ቀረብኩ። ላንቺ ምንም አልደብቅሽም፤ አሥር ነበር። ግራ እጄ ጠፋብኝ። በሩ ከኋላዬ ክፍት ነው፣ አጥሩም አጭር ነው፤ ስገባ ለክቼዋለሁ። ያንቺ ደብዳቤ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አልኩ። ጠበቁኝ። እውነትሽን ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሊጠብቁኝ ይችሉ ነበር።

ከዚያማ ምላሴ ተፈታ። በሥራው ፈተና የቢሮውን የራሱን ሚዛን ሰጥተው «ልኩን ንገረን» አሉኝ። መዘንኩበት፣ ደግሜ መዘንኩበት። «ሚዛናችሁ አሥራ አምስት ግራም ይበላል» አልኳቸው። ሳቁ። ኃላፊው «ይኼ ሌሎች ሚዛኖች የሚለኩበት ሚዛን ነው፣ ሰውዬ» አለ። ይፈተሽ አልኩ። ተፈተሸ። ከዚያ የሣቀ የለም። እዚያው ጠግኜላቸው ወጣሁ። አንዷ ፈታኝ ስሸኝ «የት ነው የተማርከው?» አለችኝ፤ «ጥገናውን ከራሴ፣ ፈተናውን ከእህቴ ልጅ» አልኳት።

ፈቃዱ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ወንበሬ እንደገና ይንገዳገዳል፤ ወረቀቱን አውጥቼዋለሁ። በክብር ልንገዳገድ። የሹፌሩ ጥቅል ውስጥ ሰማያዊ ሳህን አለ፤ ለእናትሽ ከሁለታችን በይና እውነቱን ንገሪያት። ሁለት መቶ ግራሙም አብሮ አለ። ላንቺ አይደለም፤ ከደረጃው ሥር ላለችው ክፍል ነው። እኔ ለሣጥኔ አዲስ አሠርቻለሁ፤ ባለ ፈቃድ ሰው ጎደሎ ሣጥን አይዝም።

ቅዳሜ ደግሞ አንድ መሳቢያ ከፈትኩ። የደወሉ ምላስ ዝጓል፤ በጋዝ አሸሁት። ሦስቱን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ አሁን የኤሌክትሪክ ደወል አለው፤ አሮጌው ግን ግንቡ ላይ አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሏል። ጥበቃዋ ሴትዮ «ምን ልርዳዎት?» አለችኝ።

«ያረፈድኩ ተማሪ ነኝ» አልኳት። ብረቱን አሳየኋት። አየችኝ፣ ብረቱን አየች፣ ደወሉን አየች። «ያ አንተ ነህ?» አለች። ታሪኬን እዚያ ድረስ ያውቁታል። መሰላል አመጣችልኝ።

ምላሱን አሠርኩት። ገመዱን ስስበው ያ ድምፅ ወጣ፣ ያው ድምፅ። መርፌዬ ዘለለ፤ ስድስት ይሆናል። እዚያው መሰላሉ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ደወሉ እየጮኸ ነበር፣ እኔም አልሮጥኩም።

ባለ ፈቃዱ አጎትሽ